እቁቡ ሲወጣ የትኛውን ሌንስ ልግዛ?

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሐዋሳ ነው። በአዘቦት ቀን ሱቅ እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ፎቶ አነሳለሁ። ካሜራዬ ካነን 700ዲ ነው። ከነ18-55 ሌንሱ ከአጎቴ ልጅ ላይ ገዛሁት። ልደት፣ ክርስትና፣ ቀለበት ይጠሩኛል። ጫማ በቴሌግራም የምትሸጥ ጎረቤት አለችኝ፤ የዕቃዋን ፎቶ አነሳላታለሁ። ጊዜ ሳገኝ ደግሞ ሐይቁ ዳር ሄጄ ወፍ አነሳለሁ፤ እሱ ለነፍሴ ነው። ችግሬ ቤት ውስጥ ሳነሳ ፎቶው ወይ ይጨልማል ወይ ብዥ ይላል። በሚቀጥለው ወር እቁብ ይወጣልኛል። ከእሱ ላይ ለሌንስ 300 ዶላር የሚሆን መድቤያለሁ። አክስቴ ለጥምቀት ከሜሪላንድ ስለምትመጣ በእሷ ማስመጣት እችላለሁ። አንዱ ጓደኛዬ ‹ሁሉንም ሽጪና ፉል ፍሬም ግዢ› ይለኛል። ሌላው ‹18-300 የሚባል ሁሉን ቻይ ሌንስ አለ› ይላል። እዚሁ ከተማ ደግሞ አንድ ልጅ 75-300 በርካሽ ልሽጥልሽ ብሎኛል። እባክዎ አንድ ብቻ ይንገሩኝ፤ ሁሉንም የሚሠራ።
ብርሃን ያጠራት፣ ከሐዋሳ»

እህቴ ብርሃን ያጠራት፣

«አንድ ብቻ ይንገሩኝ» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። ይህን ጥያቄ እኔም በወጣትነቴ ጠይቄው ነበር። የጠየቅኩት ሰው ሻዩን ፉት እያለ «የለም» አለኝና ወሬ ቀየረ። በጣም ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ሰውዬው እውነቱን ነው። በ300 ዶላር ሁሉንም የሚሠራ ሌንስ የለም። በ3,000ም የለም።

ደግነቱ አያስፈልግሽም። የያዝሽው 18-55 የሥራሽን ግማሽ በደንብ እየሠራልሽ ነው። አንቺ የምትፈልጊው እሱ የሚወድቅበት ቦታ ላይ የሚቆምልሽን ነው። ቦታውን ደግሞ ራስሽ ጽፈሽልኛል፤ ቤት ውስጥ።

ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ግን አንድ የቤት ሥራ። ካለፉት ሦስት አራት ዝግጅቶች የተበላሹትን ፎቶዎች አትደምስሻቸው። ኮምፒውተር ላይ ክፈቻቸውና ቀኝ ጠቅ አድርገሽ ፕሮፐርቲስ የሚለውን እዪ። በስንት ሚሊ ሜትር (ሌንሱ ምን ያህል እንዳቀረበ)፣ በስንት አፐርቸር (ቀዳዳው ምን ያህል እንደተከፈተ)፣ በስንት ሹተር (ካሜራው ለምን ያህል ጊዜ ብርሃን እንዳስገባ) እንደተነሱ ተጽፏል። ሃያ ያህሉን ወረቀት ላይ አስፍሪ። እኔ ከሩቅ ሆኜ ልገምት? አብዛኞቹ ከ40 እስከ 55 ሚሊ ሜትር መካከል፣ አፐርቸሩ 5.6፣ ሹተሩ 1/15 ወይም 1/20 ሰከንድ ናቸው። ከተሳሳትኩ ጻፊልኝ።

ምክንያቱ ሌንሱ ላይ ተጽፏል። ፊት ለፊቱን ስታዪው 1:3.5-5.6 የሚል ታገኛለሽ። ብዙ ሰው 18-55 የሚለውን ያነብና ይህን ያልፈዋል። የሌንሱ ቀዳዳ እስከምን ድረስ እንደሚከፈት የሚናገረው እሱ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፣ ትለምጂዋለሽ። ያንቺ ሌንስ 18 ላይ ሲሆን እስከ 3.5 ይከፈታል። ወደ 55 ስትጎትቺው ግን 5.6 ላይ ይገታል። ማታ፣ በአንድ አምፖል ብርሃን፣ የሰው ፊት ቀረብ አድርገሽ ለማንሳት የምትጎትቺው ደግሞ ወደዚያው ወደ 55 ነው። ብርሃን በጣም በምትፈልጊበት ሰዓት ሌንስሽ ዓይኑን ይጨፍንብሻል ማለት ነው።

50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 የሚባል ሌንስ አለ። ዙም የለውም፤ 50 ነው፣ አለቀ። ቀዳዳው ግን እስከ 1.8 ይከፈታል። ከ5.6 ጋር ሲተያይ የሚያስገባው ብርሃን አሥር እጥፍ ያህል ነው። 1/15 ሰከንድ የነበረው ሹተር 1/125 ይሆንልሻል፤ እንዲያውም ትንሽ ይተርፋል። አይኤስኦ፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ሳትነኪ፣ ፍላሽም ሳታበሪ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በልደት ቤት ላሳይሽ። ኬኩ ተቆርጧል፣ ሙዚቃው ተቀይሯል፣ የልጁ አክስት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እስክስታ ጀምራለች። በ1/15 ሰከንድ ብታነሻት ግድግዳው ጥርት ይላል፣ ወንበሩ ጥርት ይላል፣ አክስትየዋ ጭስ ትሆናለች። «ሌንሴ እኮ አይኤስ የሚባል ማረጋጊያ አለው» እንዳትዪኝ። አይኤስ የሚያረጋጋው ያንቺን እጅ ነው። አክስትየዋ ትከሻ ላይ ሥልጣን የለውም። በ1/125 ፊቷና ፈገግታዋ ይቆማሉ። ትከሻዋም እንዲቆም ካስፈለገ አይኤስኦውን 1600 ወይም 3200 አድርጊና ሹተሩን ወደ 1/250 ወይም ከዚያ በላይ ውሰጂው። 700ዲ በ3200 ትንሽ አሸዋ ያበዛል፤ ግን አሸዋ ያለበት ፎቶ ደንበኛ ይቀበላል፣ ብዥ ያለ ፎቶ አይቀበልም።

እንግዲህ 50 ኤፍ 1.8 ግዢ ብዬ እዚህ ላይ ባቆም ሌላ ሰው ተነስቶ «ለቤት ውስጥ 50 ይጠብባል» ይልሻል። እውነቱን ነው። ያንቺ ካሜራ ሴንሰር፣ ምስሉን የሚቀበለው ቺፕ፣ ፉል ፍሬም ከሚባሉት ባለ ትልቅ ሴንሰር ካሜራዎች ያነሰ ስለሆነ 50ው የሚያሳየው ስፋት በፉል ፍሬም የ80 ያህል ነው። አንድ ሰው ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው እንዲገባልሽ፣ ካሜራውን አቁመሽ ይዘሽም ቢሆን፣ አራት ሜትር ተኩል ያህል መራቅ አለብሽ። በአራት በአራት ሳሎን፣ ሶፋውና ብፌው ገብቶበት፣ የት ትሄጃለሽ? ጀርባሽ ግድግዳ ይነካል። ከዚያ ኮሪደር ትወጫለሽ። ከዚያ የቡና ረከቦት ትደፊያለሽ።

ለዚህ የሚሆን ካነን 24 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ኤስቲኤም የሚባል አለ፤ ኤስቲኤም ፎከሱን የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ 125 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ እንደ ብስኩት የሳሳ ነገር ነው። በእሱ ያው ሰው ከሁለት ሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ ሙሉ ቁመቱ ይገባልሻል። ጠባብ ቤት ውስጥ ደስ ይላል። ዋጋውም ከ50ው ብዙ አይርቅም።

ታዲያ ለምን እሱን አላልኩሽም? 18-55ሽ ወደ 24 አካባቢ ሲሆን ቀዳዳው እስከ 4 ገደማ ይከፈታል። ከ4 ወደ 2.8 ብትሄጂ ብርሃኑ እጥፍ ነው። እጥፍ ጥሩ ነው፤ አሥር እጥፍ ግን አይደለም። ያለሽ ሌንስ ከሁሉ ይልቅ የሚደክመው 50 አካባቢ ነው፤ አዲሱ ገንዘብሽም የሚሠራው እዚያው ነው። ደግሞ 24 ፊት ላይ ስትቀርቢ አፍንጫ ታሳድጋለች። የደንበኛሽን እናት አፍንጫ አሳድገሽ ገንዘብ መጠየቅ ይከብዳል።

ካላመንሽኝ በነፃ ሞክሪው። 18-55ሽን 50 ላይ አድርጊና የዙሙን ቀለበት በፕላስተር ለጥፊው። አንድ ሳምንት በዚያ ብቻ አንሺ፤ እቤት፣ ሱቅ፣ ሰፈር። በሚቀጥለው ሳምንት 24 ላይ ለጥፊ። በየትኛው ሳምንት እንደተበሳጨሽ ታውቂዋለሽ። 50ው ፈጽሞ መፈናፈኛ ካሳጣሽ 24ቱን ግዢ፤ አልቀየምም። እኔ ግን በ50 እወራረዳለሁ።

ሲገዛ የትኛው 50? ሦስት ዓይነት ያጋጥምሻል። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው፣ ካነን «ሁለተኛው» የሚለው አሮጌው ነው። ከካሜራው ጋር የሚገጥምበት ቀለበት ሳይቀር ፕላስቲክ ነው፤ ፎከስ ሲፈልግ እንደ ቡና መፍጫ ያንጓጓል። ፎቶው ግን ምንም አይልም። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ኤስቲኤም ነው። ማያያዣው ብረት ነው፣ 160 ግራም ይመዝናል፣ እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ድረስ ትቀርቢያለሽ። አሮጌው 45 ላይ ነበር የሚያቆምሽ። ሦስተኛው ዮንግኑዎ የሚባለው የቻይና ሥራ ነው። ይረክሳል፤ ፎከሱ ግን አንዳንዴ እንደ ሰካራም ያዝ ለቀቅ ያደርጋል። እጅሽ ላይ ሞክረሽ ካልሆነ አትግዢው። አክስትሽ ከአሜሪካ የምታመጣ ከሆነ ኤስቲኤሙ ይሁን። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ አዲሱ 125 ዶላር አካባቢ ነበር፤ ከፍ ዝቅ ይላል። የብር ዋጋ አልጽፍልሽም፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ የጻፍኩት ለአንቺ ሳይደርስ ያረጃል።

አሁን ደስታው እንዳያስክርሽ። ሌንሱ የደረሰሽ ቀን ሁሉንም ነገር በ1.8 ታነሻለሽ። ሁላችንም አድርገነዋል። ጀርባው እንደ ቅቤ ሲቀልጥ ያምራል። ግን ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት በ1.8 ስታነሺ ጥርት ብሎ የሚወጣው ውፍረት ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከአፍንጫ ጫፍ ጆሮ ድረስ እንኳ አይሞላም። የቀለበት ፕሮግራም ላይ ወንዱ ወደፊት ዘንበል፣ ሴቷ ወደኋላ ቀና ካለች አንዱ ጥርት፣ አንዱ ጭጋግ ነው። የጭጋጉ ወገን ቤተሰብ ደግሞ አይረሳልሽም። ሁለት ሰው ከሆነ አፐርቸሩን 4 አድርጊ፤ ውፍረቱ ወደ አሥራ አራት ሳንቲ ሜትር ይሄድልሻል። ትከሻ ለትከሻ በአንድ መስመር አቁሚያቸው። አንድ ሰው ብቻ ሲሆን በ2 ወይም በ2.2 ተጫወቺ፤ ፎከሱ ወደ አንቺ የቀረበው ዓይን ላይ ይሁን። ዘመድ አዝማድ ሁሉ ተሰልፎ ለሚነሳው ፎቶ 50ውን አውልቂና 18-55ሽን መልሺ።

ስለ ጫማው አጭር ነው፤ ለጫማ ሌንስ አትግዢ። ጫማ አይደንስም፣ ሹተሩ አንድ ሰከንድ ቢፈጅም ይጠብቅሻል። መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ አድርጊ፤ ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት መስኮት። ከመስኮቱ ተቃራኒ ነጭ ፎም ወይም ነጭ ካርቶን አቁሚ፣ ጥላውን ይሞላልሻል። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ፣ ከሌለሽ መጽሐፍ ደራርበሽ አስቀምጪው። 18-55ሽን 55 ላይ፣ አፐርቸር 8፣ አይኤስኦ 100፣ ሰልፍ ታይመር ሁለት ሰከንድ። ክፍሉ ውስጥ ያለውን አምፖል አጥፊ፤ የአምፖልና የመስኮት ብርሃን ሲቀላቀሉ ነጩ ጫማ ግማሹ ቢጫ ግማሹ ሰማያዊ ይሆንብሻል። ጎረቤትሽ ካነን ቀየርሽ ወይ ብላ ትጠይቅሻለች።

ወፎቹ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ ለነፍሴ ነው ስላልሽኝ።

አሞራ ገደል ጠዋት ሄደሽ ታውቂ የለ። ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣ ሲያፀዱ አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ጉባኤ ተሰልፈው ይቆማሉ። መላጣ ራስ፣ አንገት ላይ የተንጠለጠለ ከረጢት። ሰው አይፈሩም፤ አንዳንዴ አንቺ ነሽ የምትፈሪያቸው። እነሱን በ55 ታነሻለሽ፣ በ50ውም ታነሻለሽ። ችግሩ ከባሕሩ ውስጥ ያለው ፔሊካንና ዛፍ ጫፍ ላይ የተቀመጠው ዓሣ አዳኝ ንስር ነው። ለእነሱ ርቀት ያስፈልግሻል።

እዚህ ላይ የምመክርሽ ካነን 55-250 ኤስቲኤም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው። ቀዳዳው ከ4 እስከ 5.6 ብቻ ነው የሚከፈተው። «እንዴ፣ አሁን 5.6 መጥፎ ነው አላልክም?» ትዪኛለሽ። ቤት ውስጥ ነዋ። ሐይቁ ዳር፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ በ5.6ም 1/1000 ሰከንድ በቀላሉ ታገኛለሽ። የምትበር ወፍ ለማቆም ከዚያ መጀመር ነው። ርካሽ ዙም ለፀሐይ ነው፣ ርካሽ ባለ ሰፊ ቀዳዳ ለቤት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያደርገው ሌንስ አለ፤ ዋጋው ግን የባጃጅ ቅድሚያ ክፍያ ነው።

55-250ው 375 ግራም ስለሆነ ቀኑን ሙሉ አንገትሽ ላይ ቢውል አይጎዳሽም። እጅ የሚያረጋጋው አይኤስም አለው። ባንቺ ካሜራ ላይ 250ው የፉል ፍሬም 400 ያህል ያቀርባል። ለጥምቀትም ይሆናል፤ ታቦቱ ሲያልፍ ሕዝቡን መጋፋት ሳያስፈልግሽ ከዳር ሆነሽ የካህናቱን ፊትና የጥላውን ጥልፍ ታወጫለሽ። እዚያች ሸምበቆ ላይ ለምታርፈው ትንሽዬ ሰማያዊ ወፍ ግን 250 ያጥራል፤ አልዋሽሽም። ለእሷ ተደብቆ መጠበቅ ነው። ያገለገለው በደህና ሁኔታ አሜሪካ ብዙ ጊዜ ከ150 ዶላር በታች ይገኛል። 50ው አዲስ፣ 55-250ው ያገለገለ፤ ሒሳቡ 300ሽን አያልፍም።

የጓደኞችሽን ምክር በየተራ ልየው።

የ75-300ውን ልጅ «አመሰግናለሁ» በዪውና ተሰናበቺው። ስሙ ላይ 300 ስላለ ከ250 የበለጠ ይመስላል። ግን አይኤስ የለውም። 300 ላይ አድርገሽ እጅሽ እንዳይንቀጠቀጥ ወደ 1/500 ሰከንድ ያስፈልግሻል፤ ያንን ብታገኚም ፎቶው ልስልስ ይላል። ፎከሱም ቀርፋፋ ነው። ካነን ለዓመታት ከካሜራ ጋር በአንድ ሳጥን ስለሸጠው በየቦታው ሞልቷል። በርካሽ የሚሸጥልሽም ለዚያ ነው።

18-300 እና መሰሎቹ መጥፎ አይደሉም። አንድ ቦርሳ ይዞ ለሚጓዝ ሰው፣ ቀን ቀን ለሚያነሳ፣ ምቹ ናቸው። ግን ጫፉ ላይ ቀዳዳቸው 6.3 ነው። አሁን ካለሽ 5.6 ይብሳል። ያንቺ በሽታ ጨለማ ሆኖ ሳለ መድኃኒት ብለሽ ሌላ ጨለማ ትገዣለሽ።

ፉል ፍሬም የሚለው ጓደኛሽ ደግሞ ካሜራውን ብቻ ነው ያየው። ፉል ፍሬም የራሱን ሌንስ ይፈልጋል። ያንቺ 18-55ም፣ 24ቱም፣ 55-250ውም የእሱን ትልቅ ሴንሰር አይሸፍኑም፤ ለትንሹ ሴንሰር የተሠሩ ናቸው። ለሠርግ አንሺዎች እንደ ዳቦ የሆነው የካነን 24-70 ኤፍ 2.8 ሁለተኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ ዋጋው 2,300 ዶላር ገደማ ነበር። ጓደኛሽ ይክፈል። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ 50 ኤፍ 1.8ው በፉል ፍሬምም ይሠራል። ነገ ካሜራ ብትቀይሪ አብሮሽ ይሄዳል። ሌላው የ50ው ጥቅም ይህ ነው።

ያገለገለ ስትገዢ እኔ የተበላሁበትን ልንገርሽ፤ አንቺ እንዳትበዪ። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ሱቅ ያገለገለ 35 ሚሊ ሜትር ገዛሁ። ሱቁ ውስጥ ጨለማ ስለነበር በሰፊው ቀዳዳ ሦስት አራት ፎቶ አንስቼ ሞከርኩት። ቆንጆ ነው። ከፈልኩ። እሑድ ሠርግ ነበረኝ፣ ከቀትር በኋላ፣ ደጅ። አፐርቸሩን 8 አድርጌ ሙሽሪትን አነሳኋት። ቬሎዋ ነጭ ወረቀት ሆነ። ጥልፉ የለም፣ እጥፋቱ የለም፣ ነጭ ብቻ። ብርሃኑ በዝቶ ነው ብዬ ቀነስኩ፤ የሚቀጥለው ደግሞ ጠቆረ። ቤት ስገባ ነው የገባኝ። ቀዳዳውን የሚያጠብቡት ስስ ቢላዎች ላይ ዘይት ገብቶ ተጣብቀዋል። ካሜራው 8 ብሎ ያዛል፣ እነሱ ግን ይዘገያሉ። በቪውፋይንደር ደግሞ አይታይም፤ ካሜራው ፎቶውን እስኪያነሳ ድረስ ሌንሱን ከፍቶ ነው የሚያሳይሽ። ሱቁ ተመልሼ ስሄድ «ሲወጣ ደህና ነበር» ተባልኩ። አልፈርድባቸውም ልል ነበር፤ እፈርድባቸዋለሁ።

ስለዚህ እንዲህ ሞክሪው። ካሜራውን ኤቪ ላይ፣ አፐርቸሩን አንቺ የምትመርጪበት ላይ፣ አድርጊ። አንድ ግድግዳ በሰፊው ቀዳዳ አንሺ፣ ከዚያ ያንኑ ግድግዳ በ8 አንሺ፣ ደጋግመሽ። ካሜራው ሹተሩን ራሱ ስለሚያስተካክል ሁለቱ እኩል መብራት አለባቸው። የ8ቱ ፈክቶ ከወጣ ቢላዎቹ ታመዋል፤ ሸሽተሽ ውጪ። ቀጥሎ የስልክሽን ባትሪ መብራት በሌንሱ የኋላ በኩል አብሪና ከፊት እዪ። አቧራ ብታዪ አትደንግጪ፣ ሁሉም ሌንስ ውስጥ አለ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካየሽ ግን ሻጋታ ነው፣ ተዪው። ፊት መስታወቱ ላይ ያለ አንድ ቀጭን ጭረት ፎቶ ላይ ብዙም አይታይም፤ የኋላው መስታወት ላይ ያለ ጭረት ግን ይታያል። ነጋዴ የፊቱን ወልውሎ ያሳይሻል፤ አንቺ የኋላውን አዙሪ። ዙሙን ቀስ ብለሽ አሽከርክሪ፣ የሚቆራርጥ ከሆነ አሸዋ ገብቶበታል።

ሻጋታን ካነሳሁ አይቀር። ክረምት ላይ ሌንስን ቆዳ ቦርሳ ውስጥ ዘግተሽ ለወራት አታስቀምጪ። ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ግዢ፤ እንጀራ ማስቀመጫ ካለሽ እሱም ያው ነው። ውስጡ እርጥበት የሚመጥጡትን ትንንሽ ከረጢቶች ጨምሪ። የት ይገኛሉ እንዳትዪኝ። የጎረቤትሽ የጫማ ካርቶኖች ውስጥ ሞልተዋል። ለፎቶው ከምትከፍልሽ ላይ አይቀነስም።

ከእቁቡ ላይ ትንሽ ቢተርፍሽ ሦስተኛ ሌንስ አትፈልጊ። ወደ ኮርኒስ የሚዞር ራስ ያለው የቻይና ፍላሽ ግዢ። ለቤተሰብ ሰልፍ ፎቶ 1.8 አይጠቅምሽም ብዬሻለሁ፤ አፐርቸር 5.6 ወይም 8 ያስፈልግሻል፣ ለዚያ ደግሞ ብርሃን ራስሽ ማምጣት አለብሽ። ነጭ ኮርኒስ ላይ አብርተሽ ሲመለስ ብርሃኑ እንደ መስኮት ይለሰልሳል። ድንኳን ውስጥ ግን እንዳትሞክሪው፤ ሰማያዊ ሸራ ላይ ካበራሽ ሙሽሮቹ ሰማያዊ ሆነው ነው የሚወጡት።

የቀረው የአክስትሽ ነገር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ካነን አሁን ለአዲሶቹ ሚረርለስ (ውስጣቸው መስታወት የሌላቸው) ካሜራዎች የሚሠራው 50 ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም የሚባል ሌላ ሌንስ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ። ስሙ አንድ ነው፣ ሳጥኑም ይመሳሰላል። ካንቺ ካሜራ ጋር ግን አይገጥምም፤ ማገናኛም የለውም። ልዩነቱ መጀመሪያ ላይ ያለው ፊደል ነው። ያንቺ «ኢኤፍ» ነው፤ የእነሱ «አርኤፍ» ነው። አክስትሽ ሱቅ ገብታ «የካነን 50 ስጡኝ» ካለች የአሁኑን አንስተው ሊሰጧት ይችላሉ። ሌንሱ ማያያዣ ላይ ቀይ ነጥብ ካለው ኢኤፍ ነው ትዪ ይሆናል፤ አርኤፉም ቀይ ምልክት ስላለው በዚያ አትመኚ። ፊደሉን ታንብብ። 55-250ው ላይ ደግሞ «ኢኤፍ-ኤስ» የሚል ጽሑፍና ነጭ አራት ማዕዘን ምልክት ይኖራል፤ «ኤስቲኤም» የሚለውም መኖሩን ታረጋግጥ፣ የድሮዎቹ ዙሞች የላቸውም።

ያገለገለውን ከማያውቁት ሰው ፓርኪንግ ላይ ተገናኝታ እንዳትገዛ። ያገለገለ ዕቃ ፈትሸው ደረጃ ሰጥተው ዋስትና ጨምረው የሚሸጡ እንደ ኬኢኤች እና ኤምፒቢ ያሉ ድርጅቶች አሉ፤ በኢንተርኔት ታዝዛለች፣ ቤቷ ይመጣላታል። ዕቃው እንደደረሳት ከመሳፈሯ በፊት ሳጥኑን ትክፈትና በቪዲዮ ታሳይሽ። ደረሰኙን ትያዝ። ሌንሶቹን ሻንጣ ውስጥ አታስገባ፣ በእጅ ቦርሳዋ ይሁኑ።

ይህንን ጽሑፍ ገልብጠሽ ብትልኪላት ይረዝምባታል። በድምፅ መልእክት ይህን ብቻ በያት፦ «እቴቴ፣ ሁለት ሌንስ ነው። አንዱ ካነን ኢኤፍ 50 ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም፣ አዲስ። ሌላው ካነን ኢኤፍ-ኤስ 55-250 ኤስቲኤም፣ ያገለገለ። አርኤፍ የሚል ከሆነ አትግዢው፤ ከመክፈልሽ በፊት ፎቶውን ላኪልኝ።» ስትመለስ ደግሞ ሻንጣዋ ባዶ ስለሚሆን በርበሬውንና ሽሮውን ከአሁኑ አዘጋጂላት።